እትዬ የሻረግና የመንገደኛው ዋንዛ

እትዬ የሻረግ በሕይወታቸው ስልክ ደውለውልኝ የሚያውቁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም አላነሳሁትም። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ጧት ደብረ ታቦር ቤቴ ልብስ እያጠብሁ ስልኬ ላይ «እትዬ የሻረግ ፓርክ» የሚል ስም ሲበራ፣ የእጄን አረፋ እንኳ ሳልጠርግ ዘልዬ አነሳሁት። «እትዬ! ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» ብዬ ጮህሁ።

የመለሰልኝ የወንድ ድምፅ ነው።

«እህቴ፣ እትዬ የሻረግ አርፋለች። ትናንት ቁሐር ሚካኤል ቀበርናት። ስልኳ ላይ ያሉትን ሰዎች እየደወልሁ ነው። አንች ‹ትዕግስት ካርታ› ተብለሽ ተጽፈሻል።»

«ማን ልበል?» አልሁ፤ ድምፄ ከየት እንደወጣ እኔ እንጃ።

«ልጇ ነኝ፣ አበጀ።»

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልሁ። እትዬ የሻረግ አንድ ልጅ እንደነበራቸው አውቃለሁ። መተማ ሰሊጥ አረማ ብሎ ሄዶ፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ተሻገረ ሲባል ሰምተው፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ምንም ሳይሰሙ የኖሩበት ልጅ። እኔ በልቤ ከሞቱት ቆጥሬው ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«በጥር ነው የመጣሁት» አለኝ። «ሰልስቷ ነገ ነው፤ ከቻልሽ ነይ። ደግሞ ዋንዛዬን ካርታ ላይ ያኖርሽልኝ አንች ነሽ አለችኝ እማ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ለዚህ ሰው አራት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርሁት ነገር አለኝ። እስከ እሑድ ድረስ እህል በአፌ አልዞረም፤ ልንገረው ወይስ ምስጋናውን ተቀብዬ ልመለስ? ነገሩ ምን እንደሆነ እንዲገባችሁ መጀመሪያ እናቱን ማወቅ አለባችሁ።

ወረታ የሄድሁት በሦስት ወር ውል ተቀጥሬ ነው። ቅየሳ ተምሬ፣ ዓመት ከመንፈቅ ያለ ሥራ ተንከራትቼ ያገኘኋት የመጀመሪያዋ እንጀራ ናት። ሥራው የከተማውን የእጽዋት ፓርክ ዛፎች አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ለክቶ፣ ቁጥር ቀብቶ ካርታ ላይ ማስፈር ነው። ምክንያት ነበረው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ የከተማውን ታችኛ ሰፈር ስለሚያጥለቀልቀው፣ በፓርኩ መሐል የውሃ መውረጃ ቦይ ሊቆፈር ነው። በቦዩ መስመር ላይ ያሉ አሥራ አንድ ዛፎች ይቆረጣሉ። የቀሩት ካርታ ላይ ይገባሉ፤ ካርታ ላይ የገባ ዛፍ ያለ ፈቃድ አይነካም። ካርታ ላይ ያልገባ ዛፍ ግን ነገ አንዱ ተነሥቶ ቢገነድሰው ጠያቂ የለውም። አለቃዬ የመጀመሪያውን ቀን ቁጭ አድርጎ «ሰኞ ተብሎ ከተቆረጠልሽ ሰኞ ነው። አንድ ስህተት ካየሁ ውልሽን እቀደዋለሁ» ብሎኛል። ቀልደኛ ሰው አልነበረም።

ጂፒኤሴን አንጠልጥዬ ፓርኩ በር ላይ ስደርስ በሩ ተቆልፏል። አንኳኳሁ፤ ማንም የለም። በርግጫ አልሁት። ከውስጥ አንድ ቀጭን፣ ረዥም፣ በመቀነታቸው ላይ ማጭድ የሻጡ ሴት ብቅ አሉ። የፓርኩ ዘበኛም፣ ውሃ አጠጭም፣ ችግኝ አፍይም እሳቸው ናቸው።

«በሩ ምን አደረገሽ?»

«ዛፍ ልቆጥር ነው የመጣሁት።»

«ቁጠሪ ብሎ የላከሽ ማነው?»

«ከተማው ነው።»

«እንግዲያ ከተማው ከብት አርብቶ አያውቅም። የተቆጠረ ይጎድላል።»

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። እትዬ የሻረግ የቁሐር ሚካኤል ሰው ናቸው፤ ባላቸው እስኪሞቱ ድረስ እዚያ ረግረጉ ላይ ከብት ሲያረቡ ኖረዋል። በእሳቸው አገር ከብትም ልጅም አይቆጠርም። «እረኛ ሲቆጥር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ማታ ሲገቡ በረቱ በር ላይ ይቆማል፤ የጎደለችው ራሷ ትታየዋለች።» ደግሞ ስሜን ጠየቁኝ። ትዕግስት ነው ብላቸው፣ በርግጫ ያልሁትን በር አዩና እኔን አዩ። «ስም አውጭሽ ቀልደኛ ነው» አሉ።

እኔም የዋዛ አይደለሁም፤ ክርክራችን ሁለት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ዛፍ «አንድ» ሳልል «በረከት» ብዬ እንድጀምር ተስማማን። አውድማ ላይ እህል ሲሰፈር እንደዚያ ነው የሚባል፣ አሉኝ። ግንዱ ላይ ግን 1 ብዬ ቀባሁ። በነጭ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎኔ አልተለዩም። ዛፍ ሲያልፉ እንደ በሬ ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል። ስም የሚጠሩትም በከብት መልክ ነው፤ ዳለቻው ወይራ፣ ቡሬው ሾላ፣ ጉራቹ ብሳና። እኔ የሳይንስ ስሙን እየፈለግሁ መጽሐፍ ሳገላብጥ እሳቸው «ምኑን ትፈልጊያለሽ፣ ዶቅማ ነው፤ ቦራው ዶቅማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው» ይሉኛል። ሄጄ ሳይ እውነትም ቅርፊቱ ላይ ነጭ ምልክት አለ።

ሌላም የማላውቀው ነገር ነበር። ፓርኩ ሲከፈት የከተማው ሰው ችግኝ ተከለ ይባላል እንጂ፣ እያንዳንዱ ሰው የተከለው የሆነ ነገር አስቦ ነው። አንዱ ልጅ ሲወለድለት፣ አንዱ ሚስቱ ስትሞት፣ አንዷ ስለት ገብታ። ተክለው ሲያበቁ ለእትዬ የሻረግ «አደራ» ብለዋቸው ሄደዋል። አንድም ጽሑፍ የለም። ሁሉም ያለው በእትዬ ጭንቅላት ነው።

«ይኸ የሐጅ ኑሩ ሾላ ነው፤ እናታቸው ሲሞቱ የተከሉት።»

«እትዬ፣ ቅጹ የባለቤት ቦታ የለውም።»

«ቦታ የሌለው ቅጽሽ ነው፤ ባለቤቱማ ቀለም መሸጫው ውስጥ ቁጭ ብሏል።»

አፋቸውን ለማስያዝ ብዬ በቅጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ መጻፍ ጀመርሁ። ሳላውቀው ለመድሁት። መቶ ዘጠናኛው ዛፍ ላይ ስደርስ፣ ካልነገሩኝ ራሴ «የማን ነው?» እላለሁ።

መቶ ዘጠናኛው ላይ ነጩ ቀለም አለቀ።

ዕለቱ ሐሙስ ነው። ሰባ ሦስት ዛፍ ይቀረኛል። ሐጅ ኑሩ ሱቅ ሮጥሁ። ሐጅ ኑሩ እርጋታቸው የሚያናድድ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው «ነጭ የለም፤ ማክሰኞ ከባሕር ዳር ይመጣል» አሉኝ።

«ማክሰኞ ለእኔ ምን ያደርግልኛል! ሌላ ምን አለ?»

«ቀይ አለ። ግን ልጄ፣ በቀይ ምን ልትሠሪበት ነው? ቤት ልታፈርሽ ነው?»

ነገሩን አውቀዋለሁ። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። መንገድ ሊወጣ ሲል አጥር ላይ፣ ግድግዳ ላይ ቀይ ይቀባል፤ ቀይ የተቀባ ነገ ይፈርሳል። እያወቅሁ ገዛሁት። ሰኞ አናቴ ላይ ቆሞ ነበራ!

ተመልሼ ስመጣ እትዬ የሻረግ ከአንዲት ዋንዛ ሥር ቆመዋል። ዋንዛዋ ከሌሎቹ ተለይታ፣ ከቦዩ መስመር አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ብቻዋን የቆመች ናት። ቀጥ ያለች፣ ገና ወጣት፣ አበባዋ መሬቱን ነጭ ያደረገች። የቀሩት ሰባ ሁለት ዛፎች ከቦዩ ማዶ በምዕራብ በኩል ተጠጋግተው አንድ ላይ ናቸው። ቀለሙን ስከፍተው አዩ።

«ቀይ ነው እንዴ?»

«ቁጥር ነው እትዬ። ቁጥር ቀለም የለውም።»

«አትቀቢ። የቦዩ ሰዎች እነዚያን አሥራ አንዱን የቀቡት በቀይ ነው። ቆራጭ ሲመጣ በምን ይለያል?»

«እኔ ቁጥር ነው የምጽፍ፣ እነሱ ኤክስ ነው ያደረጉ። ደግሞ ቆራጮቹ ማክሰኞ ናቸው፤ ሰኞ ካርታው ይገባል።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ልጄ። ማክሰኞ ነጩ ሲመጣ…»

«እትዬ፣ እባክዎ!» ብዬ ጮህሁባቸው። በእናቴ ዕድሜ ባሉ ሰው ላይ ጮህሁ። 191 ብዬ ዋንዛዋ ላይ በቀይ ቀባሁ። ንዴቴ ሲበርድ አፈርሁና እንደ ማስታረቂያ «ይችስ የማን ናት?» አልኋቸው።

ፊታቸውን አዞሩ። «የመንገደኛ ናት። ጻፊ።»

«መንገደኛ» ብዬ በጠርዙ ላይ ጻፍሁ። የትኛው መንገደኛ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም።

ዓርብ ማታ ሰባ ሦስቱንም ጨረስሁ። ወገቤ ተቆርጦ ነበር። ቅዳሜ ጧት ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄድሁ፤ ልብሴንና ስልኬን ለጠባቂዋ ሰጥቼ ገባሁ። እስከ አንገቴ ተዘፍዝፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እሰይ ሰው ሆንሁ እያልሁ ቁጭ ብያለሁ። በዚያው ሰዓት የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ደመናው ሲከብድ የቦዩ ሰዎች ማክሰኞን መጠበቅ ትተው ነበር። ፎርማኑ ሁለት ቆራጭና አንድ ሞተር መጋዝ ይዞ ፓርኩ ገባ። የያዘው ወረቀት የለም። የያዘው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፤ ቀይ የነካው ይውረድ።

ከውሃው ወጥቼ ስልኬን ስቀበል፣ ከእትዬ የሻረግ ሰባት ጊዜ ተደውሏል። ካርድ ማባከን የሚጠሉ ሰው ሰባት ጊዜ! መልሼ ስደውል መጀመሪያ የሰማሁት የመጋዙን ጩኸት ነው።

«ቀይሽን ሊበሉት ነው። ነይ» አሉና ዘጉት።

ፀጉሬ ውሃ እያንጠባጠበ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አለቃዬ ጋ ብደውልስ? ስልኩን አወጣሁ። ምን ልለው? በቀይ የቀባሁት እኔ ነኝ ልለው? መልሼ ከተትሁት። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ የመጀመሪያዋ ዝምታዬ ይች ናት።

ወረታ ልንገባ ስንል የከብት መንጋ አስፋልቱን ያቋርጣል። የፎገራ ላም ደግሞ ቸኩላ አታውቅም፤ መሐል መንገድ ላይ ቆማ ታመሰኳለች። ሹፌሩ ጡሩንባውን ቢነፋ ምን ገዷት።

«ኧረ በማርያም ንዳው!» አልሁት።

«እህቴ፣ በላሟ ላይ ልንዳው?» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ወረድሁና ሮጥሁ።

ፓርኩ ስደርስ አሥራ አንዱ ወድቀዋል። ቀና ብዬ ምዕራቡን ሳይ ዓይኔን አላመንሁም። ሰባ ሁለቱ ዛፎች ቆመዋል፤ ነገር ግን ከጉልበት እስከ ደረት ድረስ ቡናማ ሆነዋል። አንድም ቀይ አይታይም። እትዬ የሻረግ ቆራጮቹን «መጀመሪያ የቦዩን ጨርሱ፤ ያ ነው አስቸኳዩ» ብለው ወደ አሥራ አንዱ ልከዋቸው፣ ለችግኝ ያከማቹትን እበት ከዋልካ ጭቃ ጋር እየለወሱ ጎታ እንደሚመረግ እያንዳንዱን ግንድ መርገውታል። መጋዙ እዚያ አንድ ሲጥል እሳቸው እዚህ ስድስት ሰባት ይመርጋሉ። ሁለት ሰዓት ከመጋዝ ጋር እሽቅድድም ይዘው ነበር።

አሁን ግን ቆመዋል። ቀሚሳቸውን በመቀነት ሸብ አድርገዋል፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው እበት ነው። ባልዲው እግራቸው ሥር ወድቋል። ከቦዩ መስመር ማዶ ናቸው፤ ዋንዛዋ ጋ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ያህል ይቀራቸዋል። መጋዙ ግን ቀድሞ ዋንዛዋ ሥር ደርሷል።

ፎርማኑ ደውሎለት አለቃዬም መጥቷል። «ምልክት የሚያጠፋ ሰው አለ» ተብሎ ነው። እትዬ የሻረግ «ይችም አትቆረጥም!» ይላሉ።

«እሳቸው ለሁሉም ዛፍ እንዲህ ነው የሚሉ» አለ ፎርማኑ። «ቀያሽ ካለ ቀያሽ ይንገረኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አለቃዬ «መጣሽ? ጥሩ» አለና በጣቱ ዋንዛዋን አሳየኝ። ቁጥሩ ያለው በወዲያኛው ጎኗ ነው፤ ከቆምንበት የሚታየው ተንጠባጥቦ የወረደው ቀይ ብቻ ነው። «ይኸ ቀይ የቦዩ ነው ወይስ ሌላ ነው?»

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። «የእኔ ነው።» ሁለት ቃል ይሁን። እትዬ የሻረግ ዓይኔን እያዩኝ ነው። አፌን ከፈትሁ። ውሌ ሲቀደድ ታየኝ። ያ ዓመት ከመንፈቅ ታየኝ፤ በር ለበር፣ ማስታወቂያ ለማስታወቂያ ስዞር። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ምንም አልወጣም።

ፎርማኑ ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰደው። የመጋዙን ገመድ ሳበ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ይነቅዛል። አራት ዓመት ውስጤ ሲነቅዝ ኖሯል።

ዋንዛዋ ወደ ቦዩ ወደቀች። አቧራው ሳይሰክን አለቃዬ የእበቱን ነገር ማጣራት ጀመረ። አንዱን ግንድ በቅጠል ሲጠርገው ከሥሩ ቀይ ቁጥር ወጣ።

«ቁጥር በቀይ? ማነው በቀይ ያስቀባ?»

አሁንም ከእኔ በፊት እትዬ የሻረግ ተናገሩ። «እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ ነጭ አይታየኝም፣ ቀይ ግዥ አልኋት። አሮጊት ላስደስት ብላ ነው።»

«እበቱስ?»

«እሱንም እኔ።»

እዚያው ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። በጣታቸው ፈረሙ፤ ቀለም አላስፈለጋቸውም፣ እበቱ በቂ ነበር።

ሰዎቹ ሲሄዱ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስጠጋ «ውሃ ቅጅና አስታጥቢኝ» አሉኝ። አስታጠብኋቸው። ደግ ናቸው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ፊታቸው ድንጋይ ነበር። «አንችን ብየ እንዳይመስልሽ» አሉ። «አንች ከተባረርሽ ካርታውን ማን ይጨርሰዋል? እነኝህ ሳይጻፉ ሰኞ ካለፈ፣ ማክሰኞ ሌላ ቀይ ይመጣል።»

ሰኞ አለቃዬ ካርታውን ከዛፎቹ ጋር ሊያስተያይ መጣ። ጭቃው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ቁጥር አይነበብም። ካርታው ሊመለስብኝ ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። እትዬ የሻረግ ቀድመው ተነሡ። እኒያ መቁጠር የሚጠሉ ሰው፣ እያንዳንዱን ዛፍ ጎኑን መታ እያደረጉ ቁጥሩን ይጠሩ ጀመር። «ቡሬው ሾላ፣ ሁለት መቶ አራት። ቦራው ዶቅማ፣ ሁለት መቶ አምስት።» አለቃዬ በቢላዋ ፈቅፍቆ አየ፤ 204። አራት ቦታ ፈተናቸው፤ አራቱንም አገኘው። ከዚያ በኋላ መፈቅፈቁን ተወ። ሲጨርስ ዋንዛዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ቆመና «ይኸ ቁጥር ይሰረዝ» ብሎኝ ወደ መኪናው ሄደ።

እርሳሴን ሳነሳ እትዬ የሻረግ እጄን ያዙ። «አትሰርዥ።»

«እትዬ፣ ተቆርጣለች እኮ።»

«አትሰርዥ አልሁሽ። ልጄ ነው የተከላት። ሰሊጥ አረማ ሲሄድ። ‹እማ፣ ስመለስ ጥላዋ ሥር ቁጭ እንላለን› ብሎ። ካርታው ላይ ትኑርለት።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«ብነግርሽ ቀዩን ትተይው ነበር?»

«ታዲያ ለምን ከሷ አልጀመሩም እትዬ? ቅርብ ነበረች!»

«የሰው አደራ እያለ የራሴን ላስቀድም? አደራ ያሉኝን ሰዎች ምን ብየ ላያቸው?» የጉቶውን ፊት በመዳፋቸው ዳበሱት። «እደርስላታለሁ ብየ ነበር። ደግሞ አንች ስትመጭ አየሁ። አንች ከደረስሽማ ብየ ባልዲውን ጣልሁት።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተነጋገርንም። መቶ ዘጠና አንድን አልሰረዝሁም። እንደቆመ ዛፍ አድርጌ ነጥቡን ተውሁት። ካርታው በትልቁ ተሥሎ ፓርኩ በር ላይ ተሰቀለ። ውሌ ታደሰልኝ፤ በዚያው ሥራ ደብረ ታቦር ገባሁ። በዓል ሲመጣ እደውላለሁ። «ዛፎቹ እንዴት ናቸው?» እላለሁ፤ «የጎደለ የለም» ይሉኛል። ሁሌ እንደዚያ ይሉኛል። ከገና ወዲህ ግን ሳልደውል ቀርቼ፣ ልጃቸው መምጣቱን እንኳ ሳልሰማ አለፉ።

እሑድ ወረታ ወረድሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሐጅ ኑሩ ከቀሳውስቱ ጎን ተቀምጠዋል፤ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ፣ እንደገና ያወልቃሉ። አበጀን ሳልጠይቅ አወቅሁት፤ የእናቱ ቁመትና ቅጥነት ነው ያለው። እንባዬን ጨርሼ ልወጣ ስል ተከተለኝ።

«ፓርኩን ሳታይ ትሄጃለሽ?» አለኝ።

አብረን ሄድን። በሩ ላይ ካርታው አለ፤ ዝናብ ጠርዝ ጠርዙን አደብዝዞታል። ጣቱን መቶ ዘጠና አንድ ላይ አደረገ። «በጥር የመጣሁ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት ይኸን ነው። በቦታዋ አውቄያት፣ ቆማ ያለች መስሎኝ ሻንጣዬን ጥየ ሮጥሁ።» ከዚያ ወደ ጉቶዋ ወሰደኝ። ከጎኗ ቀንበጥ አውጥታ ነበር፤ እሱንም ላም ግጣዋለች። «እማን ምን ሆነች ብላት፣ ነፋስ ጣላት አለችኝ። ትዕግስት ግን እንዳትጠፋ ብላ ጽፋታለች አለችኝ። ካርታዋን የሠራችውን ልጅ ሳላመሰግን አልቀርም ብየ ነበር» አለና በሁለት እጁ እጄን ያዘ።

አሁንም አንድ ቃል ነው። አሁንም አፌ ተከፍቷል። እጄን ከእጁ አወጣሁ።

«ነፋስ አልነበረም» አልሁት።

«አውቃለሁ» አለ። ጎንበስ ብሎ የጉቶውን ፊት በመዳፉ ዳበሰ፤ ልክ እንደ እናቱ። «ነፋስ እንዲህ አስተካክሎ አይቆርጥም። እማም እንደማላምናት ታውቅ ነበር። ‹ማን ነው?› ብየ ስነዘንዛት፣ ‹የሚያውቀው ሰው መጥቶ እስኪነግርህ ነፋስ ነው በል› አለችኝ።»

ነገርሁት። ከቀዩ ቀለም ጀምሬ፣ በእናቱ ላይ መጮኼን፣ ወንዛዬን፣ ያልደወልሁትን ስልክ፣ የተከፈተውን አፌን፣ ባልዲውን፣ ማስጠንቀቂያውን፣ አንድም ሳላስቀር። ሲሰማ አላቋረጠኝም። ቢመታኝ በወደድሁ።

«ዕድሜዋን ሙሉ ዋሽታ አታውቅም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ዋሸች፤ ሁለቱንም ስለ አንች።»

ይህን ብሎ ወደ ለቅሶው ተመለሰ። አልተከተልሁትም።

ወደ በሩ ሄድሁ። ከቦርሳዬ እርሳስ አውጥቼ፣ ካርታው ላይ ከመቶ ዘጠና አንድ ጎን «የአበጀ ዋንዛ። ጉቶ። በቀያሿ ስህተትና ዝምታ የተቆረጠች» ብዬ ጻፍሁና ስሜን ከነአባቴ ከሥሩ አስቀመጥሁ። ቁጥሩን ግን አልሰረዝሁትም።